ልብሱ ብቻውን ሲወጣ፦ የሽፋን ፕሮቲኖች በሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ መገጣጠም ውስጥ ያላቸው ሥራ

ጥያቄ፦ «የሕክምና ላቦራቶሪ ተማሪ ነኝ። ቴኖፎቪር (የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒት) የሚወስድ አንድ ታካሚ ኤችቢኤስኤጂ (የቫይረሱ የሽፋን አንቲጅን) ፖዘቲቭ ሆኖ ሳለ የቫይራል ሎድ ውጤቱ ‹አልተገኘም› ይላል። ቫይረሱ ከሌለ ሽፋኑ ከየት መጣ? ክፍል ውስጥ የተማርነው የሽፋን ፕሮቲን ሥራ ቫይረሱን ከሴል ጋር ማጣበቅ እንደሆነ ነው። ቫይረሱ ሲገጣጠምስ ምን ይሠራል? ኤችአይቪ ላይም እንዲሁ ነው?»

ምላሽ፦

ሁለቱ ውጤቶች አይጋጩም፤ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ እንዲገባዎት ግን የለመዱትን ሥዕል ትንሽ መገልበጥ አለብዎት። ብዙ ጊዜ የሚሳልልን ቫይረስ መጀመሪያ ዘረመሉን ይይዛል፣ ዘረመሉን ካፕሲድ በሚባል የፕሮቲን ቅርፊት ያሽጋል፣ ሊወጣ ሲል ደግሞ ሽፋኑን ደርቦ ይሄዳል። ሄፓታይተስ ቢ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። የሽፋን ፕሮቲኖቹ ካፕሲድ ኖረም አልኖረም በራሳቸው ይሰባሰባሉ፣ ከሴሉ ገለፈት ቅባት ይወስዳሉ፣ ቅንጣት ሠርተው ወደ ደም ይወጣሉ። ካፕሲዱ ነው እነሱ ዘንድ ሄዶ ቦታ የሚለምነው። ባለቤቱ ሳይመጣ ልብሱ ብቻውን መንገድ ይጀምራል ማለት ነው፤ በብዛትም የሚሆነው ይኸው ነው። በደም ውስጥ ለአንድ ሙሉ ቫይረስ ከ1,000 እስከ 100,000 የሚደርሱ ባዶ የሽፋን ቅንጣቶች ይገኛሉ።

የግኝቱ ታሪክም ይህን ያሳያል። ባሩክ ብሉምበርግና ባልደረቦቹ በ1965 (እ.ኤ.አ.) «የአውስትራሊያ አንቲጅን» ብለው ያሳወቁት ነገር ይኸው ባዶ ሽፋን ነበር። 42 ናኖ ሜትር ስፋት ያለውን ሙሉ ቫይረስ ዴንና ባልደረቦቹ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያሳዩት በ1970 ነው። ሽፋኑ ከቫይረሱ ቀድሞ ታወቀ፤ ምክንያቱም በብዛት ያለው እሱ ነው።

አሁን ወደ ፕሮቲኖቹ እንግባ። ሦስት ናቸው፤ ትልቁ ኤል፣ መካከለኛው ኤም፣ ትንሹ ኤስ። ሦስት የተለያዩ ጂኖች ግን አይደሉም። አንድ ጂን ላይ ሦስት የንባብ መነሻዎች አሉ፤ ማብቂያው ለሁሉም አንድ ነው። ኤስ 226 አሚኖ አሲድ ነው። ኤም ከኤስ ፊት ፕሪኤስ2 የሚባል 55 አሚኖ አሲድ ተቀጥሎለት 281 ይሆናል። ኤል ደግሞ ከዚያም ፊት ፕሪኤስ1 ይጨመርለታል፤ ርዝመቱ እንደ ጄኖታይፑ (እንደ ቫይረሱ ዝርያ) ይለያያል። ኢትዮጵያ ውስጥ በብዛት ከሚታዩት ከኤ እና ከዲ ጄኖታይፖች ብንነሳ ኤ ላይ 400፣ ዲ ላይ 389 ነው። እንግዲህ የሦስቱም ጅራት ያው ኤስ ነው፤ ለዚህም ነው ኤችቢኤስኤጂን የሚፈልግ ኪት ሦስቱንም ሳይለይ የሚይዘው።

መጠናቸው ግን እኩል አይደለም፤ እኩል አለመሆኑም በአጋጣሚ አይደለም። ኤል የሚሠራው 2.4 ኪሎ ቤዝ ርዝመት ካለው ከራሱ መልእክተኛ አርኤንኤ ሲሆን፣ ኤም እና ኤስ 2.1 ኪሎ ቤዝ ካለው ሌላ መልእክተኛ ይነበባሉ። ሁለተኛውን የሚያስጽፈው ፕሮሞተር (የጂኑ ማስጀመሪያ) በጣም ብርቱ ነው። ስለዚህ ሴሉ ውስጥ ኤስ ይትረፈረፋል፣ ኤል በቁጥ ቁጥ ይመጣል። ከታች እንደማሳይዎት ይህ ሚዛን ከተናጋ መገጣጠሙ በሙሉ ይናጋል።

የኤስን መንገድ በቅደም ተከተል እንከተል። ፕሮቲኑ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም በሚባለው የሴሉ ፕሮቲን መሥሪያ (ከዚህ በኋላ ኢአር እንበለው) ገለፈት ላይ እየተነበበ ገለፈቱን አራት ጊዜ ያቋርጣል። ከአሚኖ አሲድ 99 እስከ 169 ያለው ክፍል ወደ ኢአሩ ውስጠኛ ክፍተት ይዞራል። ቅንጣቱ ሲወጣ ውጭ የሚሆነውና ክትባቱም ምርመራውም የሚያነጣጥሩበት ይኸው ክፍል ነው፤ «ኤ ዲተርሚናንት» የሚባለው እዚህ ውስጥ ከ124 እስከ 147 ያለው ነው። ኤስ 14 ሲስቲኖች አሉት፣ ስምንቱ እዚህ ክፍል ውስጥ ናቸው። እነሱ በሰልፈር ድልድይ ተያይዘው ፕሮቲኑን ያጥፉታል፤ ሁለት ሁለት ሞለኪውሎችንም ያጣምዳሉ። 146ኛው አስፓራጂን ላይ ስኳር ይጨመራል፤ የሚጨመረው ግን በግማሾቹ ሞለኪውሎች ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ጥንዶቹ ገለፈቱ ላይ ይጠጋጋሉ፣ የሴሉን ፕሮቲኖች ገፍተው ያስወጣሉ፣ ገለፈቱን አጉብጠው ወደ ውስጠኛው ክፍተት ይቆርጣሉ። ሉሉ የመጨረሻ ቅርጹን የሚይዘው በኢአርና በጎልጂ (የሴሉ ማሸጊያና መላኪያ ክፍል) መካከል ባለው ጣቢያ ነው። ውጤቱ መቶ ገደማ ኤስ ሞለኪውሎችን የያዘ፣ 22 ናኖ ሜትር የሆነ ሉል ነው። ከዚያ በጎልጂ በኩል እንደማንኛውም የሴሉ ምርት ይወጣል።

በዚህ ሂደት ውስጥ ካፕሲድ የለም፣ ዘረመልም የለም። ገለፈቱን ለማጉበጥም ሆነ ለመቁረጥ የሚያስፈልገው ጉልበት ከኤስ እርስ በርስ መሳሳብ ይመጣል። «የሽፋን ፕሮቲን በመገጣጠም ላይ ምን ይሠራል?» ላሉት የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፤ እዚህ ቫይረስ ላይ ሞተሩ እሱ ነው።

ሞተሩ ብቻውን ግን ባዶ ሉል ከማምረት አያልፍም። ካፕሲዱን ወደ ሽፋኑ የሚያስገባው ኤል ነው፤ ይህን የሚያደርግበት መንገድም ከዚህ ቫይረስ ነገሮች ሁሉ እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ነው። ኤል ሲሠራ ፕሪኤስ ክፍሉ (ፕሪኤስ1 እና ፕሪኤስ2) በሙሉ በሳይቶፕላዝም በኩል ይቀራል። ቆይቶ ግን ከኤል ሞለኪውሎች ግማሽ ያህሉ ፕሪኤሱን በገለፈቱ አሻግረው ወደ ሌላኛው ወገን ያዞራሉ። አንድ ፕሮቲን፣ አንድ ዓይነት የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል፣ ሁለት ተቃራኒ አቀማመጥ። በሳይቶፕላዝም በኩል የቀረው ፕሪኤስ ካፕሲዱን ይጨብጣል፤ መያዣው ከ103 እስከ 124 ባለው አካባቢ፣ በፕሪኤስ1 ጫፍና በፕሪኤስ2 መጀመሪያ ላይ የሚገኝ አጭር ቁራጭ ነው። የተሻገረው ፕሪኤስ ደግሞ በወጣው ቅንጣት ላይ ውጭ ሆኖ የጉበት ሴልን ተቀባይ ኤንቲሲፒን ይፈልጋል። ይህ ተቀባይ የታወቀው በ2012 ነው። የሚጣበቀው ክፍል ፊተኛው ጫፍ ላይ ያለው 47 ገደማ አሚኖ አሲድ ነው፤ ሚሪስቲክ አሲድ የሚባል ቅባት ካልተያያዘለትም አይሠራም። ቡለቨርታይድ የሚባለው መድኃኒት የዚሁ ቁራጭ ቅጂ ነው፤ ተቀባዩን ቀድሞ በመያዝ መግቢያውን ይዘጋል።

ስለዚህ ክፍል ውስጥ የተነገርዎት ስህተት አይደለም፣ ግማሽ ነው። ኤል ወደ ውጭ ዞሮ ያጣብቃል፣ ወደ ውስጥ ዞሮ ይገጣጥማል።

የትኛው ፕሮቲን ለምን እንደሚያስፈልግ የተረጋገጠው በማጥፋትና በመተካት ሙከራ ነው። የቫይረሱ ዘረመል ላይ የአንዱን ፕሮቲን መነሻ ኮዶን ለውጦ ማሰናከል፣ ከዚያ የጎደለውን ፕሮቲን በሌላ ፕላዝሚድ (ጂን በሚሸከም ክብ ዲኤንኤ) መልሶ መስጠት ነው ዘዴው። ኤም ሲጠፋ ሙሉ ቫይረስ ይወጣል፤ ለመገጣጠም ግዴታ አይደለም። ኤል ሲጠፋ ባዶ ሉሎች እንደ ልብ ይወጣሉ፣ ሙሉ ቫይረስ ግን አይወጣም፤ ካፕሲዶቹ ሳይቶፕላዝም ውስጥ ይከማቻሉ። ኤስ ሲጠፋ ምንም አይወጣም፤ ኤል ብቻውን ኢአር ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በሙሉ ቫይረስ ሽፋን ላይ ኤስ፣ ኤም እና ኤል በግምት 4 ለ1 ለ1 የሆነ ድርሻ አላቸው፤ ባዶው ሉል ግን ከሞላ ጎደል ኤስ ነው፣ ኤል የለበትም ማለት ይቻላል።

መውጫ በሩም ይለያያል። ባዶው ሉል በራሱ ጉልበት በጎልጂ በኩል ሲወጣ፣ ካፕሲድ የያዘው ሙሉ ቫይረስና ረዘም ያሉት ክር መሰል ቅንጣቶች ኢኤስሲአርቲ የሚባለውን የሴሉን ገለፈት መቁረጫ መሣሪያ ይዋሳሉ፤ መልቲቬሲኩላር ቦዲ የሚባለውን መንገድም ይከተላሉ። ስለዚህ ይህን መሣሪያ የሚያሰናክል ሙከራ ቢሠሩ ሙሉ ቫይረሱ ይቀንሳል፣ የኤችቢኤስኤጂ መጠን ግን ብዙም አይነካም። በኤላይዛ (አንቲጅኑን በአንቲቦዲ በሚለካ ምርመራ) ብቻ የለካ ሰው «ምንም ለውጥ የለም» ብሎ ይደመድማል፤ የተሳሳተውን ቅንጣት ለክቷልና።

የትኛው ካፕሲድ ነው ሽፋን የሚያገኘው? ካፕሲዱ 240 የኮር ፕሮቲኖች፣ ማለትም 120 ጥንዶች ያሉት ቅርፊት ነው፤ ጥቂቱ 180 ብቻ ያለው አነስተኛ ዓይነት ነው። መጀመሪያ የሚያሽገው ፕሪጂኖሚክ አርኤንኤን፣ ማለትም የቫይረሱን ሙሉ ዘረመል የአርኤንኤ ቅጂ ነው። ፖሊመሬዝ የሚባለው የቫይረሱ ኢንዛይም እዚያው ውስጥ ሆኖ ወደ ነጠላ ሰንሰለት ዲኤንኤ፣ ከዚያም ወደ ጥምር ሰንሰለት ይለውጠዋል። በአብዛኛው ሽፋን የሚያገኙት ጥምር ሰንሰለት ላይ የደረሱት ናቸው፤ አርኤንኤ ወይም ነጠላ ሰንሰለት የያዙት ወደኋላ ይቀራሉ። ሽፋኑ በካፕሲዱ ውስጥ ያለውን አያይም፤ ውስጡ ሲለወጥ የካፕሲዱ ውጫዊ ገጽታ የሚለወጥ ይመስላል። አስገራሚው ግን ምንም ዘረመል የሌለው ባዶ ካፕሲድም ሽፋን ማግኘቱ ነው። በታማሚ ደም ውስጥ እንዲህ ያሉ ኮር ያላቸው ግን ዘረመል የሌላቸው ቅንጣቶች ከሙሉ ቫይረስ በመቶ እጥፍ ገደማ ሊበዙ ይችላሉ። ትክክለኛው አነጋገር እንግዲህ «የበሰለ ይገባል» ሳይሆን «በግማሽ የቀረው ይታገዳል» የሚለው ነው።

ሽፋኑ ሌላም ሥራ አለው፤ በመማሪያ መጻሕፍት ጠርዝ ላይ የሚቀር ነው። የበሰለ ካፕሲድ ሁለት ምርጫ አለው፣ ሽፋን አግኝቶ መውጣት ወይም ወደ ኒውክሊየስ ተመልሶ ሲሲሲዲኤንኤ የሚባለውን የቫይረሱን ቋሚ መዝገብ ማብዛት። በሴሉ ውስጥ የሽፋን ፕሮቲን ጥቂት ሲሆን ካፕሲዶች ወደ ኒውክሊየስ ይመለሳሉ፤ ሲበዛ ወደ ውጭ ይሄዳሉ። ይህ በጣም ግልጽ ሆኖ የታየው በዳክዬ ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ላይ ነው፤ የሽፋን ፕሮቲኑ ሲሰናከል ሲሲሲዲኤንኤው ከልክ በላይ ይጨምራል። ሽፋኑ እዚህ ላይ እንደ ቦይ መክፈቻ ነው፣ ውኃው ወደየትኛው ማሳ እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ ነው።

ሚዛኑ ሲናጋ ምን ይሆናል? ኤል ከልክ በላይ ሲበዛ ቅንጣቶቹ ሉል መሆናቸው ቀርቶ ረጃጅም ክር ይሆናሉ፤ ክሮቹም ከኢአር አይወጡም። ኢአሩ በእነሱ ተሞልቶ ያብጣል። ፓቶሎጂስቶች በባዮፕሲ ላይ «ግራውንድ ግላስ» የሚሉት፣ ሳይቶፕላዝሙ ደብዛዛ መስተዋት የመሰለው የጉበት ሴል ይኸው ነው። ኤልን አብዝተው እንዲያመርቱ በተደረጉ አይጦች ላይ ቫይረስ ሳይኖር በዚህ ክምችት ብቻ የጉበት ጉዳት፣ ቆይቶም የጉበት ካንሰር ታይቷል። የተበላሸ መገጣጠም በራሱ በሽታ ይሆናል ማለት ነው።

አሁን ወደ ታካሚዎ ውጤት እንመለስ። ቴኖፎቪርም ሆነ ኢንቴካቪር የሚያግዱት ፖሊመሬዙን ነው፤ ማለትም በካፕሲዱ ውስጥ አርኤንኤ ወደ ዲኤንኤ የሚለወጥበትን ደረጃ። የሽፋኑ መልእክተኛ አርኤንኤ ግን በኒውክሊየስ ውስጥ ካለው ሲሲሲዲኤንኤ በሴሉ በራሱ መሣሪያ ይጻፋል። መድኃኒቱ እዚያ አይደርስም። ሁለተኛ ምንጭም አለ። የቫይረሱ ዲኤንኤ ቁራጮች በሰው ክሮሞዞም ውስጥ ይሰካሉ። በዚህ መልክ የተሰካ ቁራጭ ሙሉውን ፕሪጂኖሚክ አርኤንኤ ሊያስጽፍ አይችልም፤ ስለዚህ ከእሱ ቫይረስ አይወለድም። የኤስ ጂን ግን ከነፕሮሞተሩ ሳይቆረጥ ስለሚተርፍ ሽፋን ማምረቱን ይቀጥላል። ዲኤንኤው ጠፍቶ ኤችቢኤስኤጂ ለዓመታት የሚቆየው በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች ነው። ኤችቢኤስኤጂ በመድኃኒት ጨርሶ የሚጠፋላቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው።

ላቦራቶሪ ላይ ሆነው ይህን ውጤት ሲያዩ የሚከተለውን ያረጋግጡ። «አልተገኘም» ማለት ከመሣሪያው የመለያ ወሰን በታች ነው ማለት እንጂ ዜሮ ማለት አይደለም። በብዙ መሣሪያዎች ወሰኑ በሚሊ ሊትር ከ10 እስከ 20 ኢንተርናሽናል ዩኒት ነው። ታካሚው መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ውጤቱ የሚጠበቅ ነው፤ «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን በራሱ እንዳያቆም በግልጽ ይነገረው፤ ድንገት ማቆም ቫይረሱን አስነስቶ ጉበቱን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። መድኃኒት የማይወስድ ከሆነና ውጤቱ የመጣው ከፈጣን ኪት ከሆነ በሌላ ዘዴ ይድገሙት። ላቦራቶሪው ኒውትራላይዜሽን የሚሠራ ከሆነ ሴረሙን ከፀረ ኤችቢኤስ ጋር ቀላቅሎ መለካት ነው፤ ምልክቱ በግማሽና ከዚያ በላይ ከወረደ እውነተኛ ነው። በቅርቡ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ወስዶ እንደሆነም ይጠይቁ። ክትባቱ ራሱ ኤችቢኤስኤጂ ስለሆነ ከተወጋ በኋላ እስከ 18 ቀን ድረስ ምርመራን ፖዘቲቭ ሊያደርግ ይችላል።

የተገላቢጦሹም አለ፤ ዲኤንኤ እያለ ኤችቢኤስኤጂ ኔጋቲቭ። አንዱ ምክንያት «ኤ ዲተርሚናንቱ» ላይ የሚመጣ ለውጥ ነው። በጣም የታወቀው 145ኛው ግላይሲን በአርጂኒን መተካቱ ነው። ቅንጣቱ መገጣጠሙ አይቀርም፣ የኪቱ አንቲቦዲ ግን አይለየውም።

ይህ ትርፍ ሽፋን ለሌላ ቫይረስም ሲሳይ ሆኗል። በ1977 የታወቀው ሄፓታይተስ ዲ 1,700 ኑክሊዮታይድ ገደማ የሆነ አርኤንኤ እና ዴልታ አንቲጅን የሚባል አንድ ፕሮቲን ብቻ አለው፤ የሽፋን ጂን የለውም። ረጅሙ የዴልታ አንቲጅን ዓይነት ጫፉ ላይ ፋርኒሲል የሚባል ቅባት ይያያዝለታል። በዚህ ቅባት ገለፈቱ ላይ ይሰካል፣ በሳይቶፕላዝም በኩል ያለውን የኤስ ክፍል ይጨብጣል፣ የሄፓታይተስ ቢን ልብስ ለብሶ ይወጣል። ለመውጣት ኤስ ብቻ ይበቃዋል፤ ሌላ ሴል ለመያዝ ግን ኤል ያስፈልገዋል። ክሮሞዞም ላይ ከተሰካው ዲኤንኤ የመጣ ሽፋን ሁሉ ለእሱ ያገለግለዋል። በዚህ ምክንያት የሄፓታይተስ ቢ ዲኤንኤ አለመገኘቱ ሄፓታይተስ ዲ አለመኖሩን አያሳይም። ኤችቢኤስኤጂ ፖዘቲቭ የሆነ ሰው የጉበት ኢንዛይሙ ከፍ ብሎ ዲኤንኤው ካልተገኘ፣ ፀረ ዴልታ አንቲቦዲ ሳይመረመር ሊሸኝ አይገባም።

ክትባቱም ከዚሁ ባሕርይ የተወለደ ነው። በ1981 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የመጀመሪያው ክትባት ከተሸካሚዎች ደም የተጣራ ባዶ ሉል ነበር። በ1986 የኤስን ጂን ብቻ እርሾ ውስጥ አስገብቶ የተሠራው ተካው። እርሾ ውስጥ ኤስ ስኳር አይጨመርለትም፣ ወደ ውጭም አይወጣም፤ ሴሉ ተሰብሮ ይጣራል፣ የሰልፈር ድልድዮቹም በአብዛኛው በማጣራት ሂደቱ ውስጥ ይጠናቀቃሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት በሚሰጠው አምስት በአንድ ክትባት ውስጥ ያለው ይኸው ኤስ ነው። ሉሎቹ የሚያርፉት በአሉሚኒየም ጨው ላይ ስለሆነ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት። ከቀዘቀዘና በረዶ ከሠራ ጨዉ ይጓጉላል፣ የክትባቱ ብርታትም ይጠፋል። ከማቀዝቀዣው ግድግዳ ጋር የተጠጋ ብልቃጥ ሲጠራጠሩ በመንቀጥቀጥ ምርመራ ይለዩት፤ በረዶ ያልነካው ብልቃጥ ሲናወጥ አንድ ወጥ ሆኖ ይቆያል፣ በረዶ የነካው ግን ቶሎ ይዘቅጣል።

ኤስ ላይ ሌላ ነገር ሲቀጠል መገጣጠሙ ምን እንደሚፈቅድና ምን እንደማይፈቅድ ማየት ከፈለጉ የወባ ክትባቶቹ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። አርቲኤስኤስ ላይ የወባ ተውሳኩ ፕሮቲን ቁራጭ ከኤስ ፊት ተቀጥሏል። የተቀጠለው ነገር ግዙፍ ስለሆነ ጠጋ ብሎ ለመደርደር ነፃ ኤስ አብሮት እንዲመረት ተደርጓል፤ በስሙ መጨረሻ ላይ ያለችው ኤስ የምታመለክተው ይህን ነፃ ፕሮቲን ነው። አር21 ላይ ደግሞ የተቀጠለው ብቻ፣ ያለ ነፃ ኤስ፣ ቅንጣት እንዲሠራ ተችሏል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ቅንጣት ላይ የሚታየው የወባ ፕሮቲን ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያውን በ2021፣ ሁለተኛውን በ2023 እንዲሰጥ መክሯል።

ኤችአይቪን በተመለከተ መልሱ «አይደለም» ነው። እዚያ ሞተሩ ጋግ የሚባለው የውስጥ ፕሮቲን ነው። 2,500 ገደማ የጋግ ሞለኪውሎች ከሴሉ ውጫዊ ገለፈት ሥር ተሰልፈው ያጎብጡታል፤ የመጨረሻውን መቁረጥ የሚያስፈጽሙትም የጋግ ጫፍ የሚጠራቸው ኢኤስሲአርቲ ፕሮቲኖች ናቸው። ኤንቭ የሚባለው የሽፋን ፕሮቲን ባይኖርም ቅንጣቱ ይወጣል፤ ተላላፊ ግን አይሆንም። ኤንቭ ተሳፋሪ ነው፤ ያውም ጥቂት፣ በአንድ ቫይረስ ላይ በአማካይ 14 ገደማ ባለሦስት እግር እሾሆች። 150 አሚኖ አሲድ የሚያህለው ረጅም ጅራቱ ከጋግ ማትሪክስ ክፍል ጋር ይገጣጠማል፤ ማትሪክሱ ላይ ያለች አንዲት አሚኖ አሲድ ስትለወጥ ኤንቭ ቦታ አጥቶ ከቅንጣቱ ውጭ ሊቀር ይችላል። ኮሮና ቫይረሶች በመካከል ናቸው። መሪው ኤም የሚባለው የገለፈት ፕሮቲን ሲሆን ኢ የሚባለው ትንሽ ፕሮቲን ያግዘዋል፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የስፓይክ ፕሮቲን እዚያም ተሳፋሪ ነው። ዴንጌ ግን ለሄፓታይተስ ቢ ይቀርባል፤ ፕሪኤም እና ኢ የሚባሉት የሽፋን ፕሮቲኖቹ ያለ ካፕሲድ ባዶ ቅንጣት ይሠራሉ። ስለዚህ አዲስ ቫይረስ ሲያጠኑ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ብቻውን ቢመረት ቅንጣት የሚያወጣው የትኛው ፕሮቲን ነው?» የሚለው ነው።

በመጨረሻ፣ ይህን በላቦራቶሪ ለመሥራት ካሰቡ ብዙዎችን የሚያሳስቱ ጥቂት ነገሮች አሉ። ኤችቢኤስኤጂ ኤላይዛ ከሞላ ጎደል የሚለካው ባዶውን ሉል ነው፤ ስለ ሙሉ ቫይረስ መገጣጠም አይነግርዎትም። በሌላ በኩል ሄፕጂ2.2.15ን የመሰሉ፣ ቫይረሱን የሚያመርቱ የላቦራቶሪ ሴሎች ሽፋን የሌለው ካፕሲድ ከነዲኤንኤው ወደ መያዣው ፈሳሽ ስለሚለቅቁ፣ ፈሳሹ ላይ የሚሠራ ፒሲአርም ያታልላል። ዲኤንኤዝ (ዲኤንኤን የሚቆርጥ ኢንዛይም) መጨመር በፕላዝሚድ የመጣውን ነፃ ዲኤንኤ ያጸዳል፤ በካፕሲድ ውስጥ ያለውን ግን አይነካም። መፍትሔው መጀመሪያ በፀረ ፕሪኤስ1 አንቲቦዲ ማጥመድ፣ ከዚያ ከተጠመደው ላይ ዲኤንኤን መለካት ነው። አልያም በሲዚየም ክሎራይድ በጥግግት መለየት ይቻላል፤ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ባዶው ሉል 1.2 ግራም ገደማ፣ ሙሉ ቫይረሱ 1.24፣ ሽፋን የሌለው ካፕሲድ 1.35 ገደማ ላይ ይቆማል። ናሙናውን ለኤላይዛ ካሰቡ ደግሞ ዲቲቲም ሆነ መርካፕቶኢታኖል የሚባሉትን የሰልፈር ድልድይ ፈቺ ኬሚካሎች አያስጠጉ። የሰልፈር ድልድዮቹ ሲፈቱ የኤስ ቅርጽ ይፈርሳል፤ ፕሮቲኑ ቱቦው ውስጥ እያለ ንባቡ ኔጋቲቭ ይወጣል።